ሦስተኛው ጣውላ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ይታመማል፣ ወይ ሰው ያሳምማል። አለቃ መጀመሪያ ሁለተኛውን መረጠ፤ መታመሙ የመጣው ኋላ ነው።

አለቃ ያሰኘው ሹመት አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የቦይ ጠባቂ ነበር። የውሃውን በር ሲከፍትና ሲዘጋ፣ አረም ሲያስነቅል፣ ሰው ቦዩ ውስጥ የሚጥለውን ፍራሽና የተሰበረ ወንበር በረጅም መንጠቆ ሲጎትት ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከሥራው ወጣ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ከውሃው በር አጠገብ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል የጠባቂ ቤት ምትክ ሰው ስላልተቀጠረላት፣ ማንም ልቀቅ ሳይለው ከሚስቱ ጋር እዚያው ቀረ። ሥራ የፈታ እግር ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ከደጁ ተነስቶ አንድ የእግር መንገድ ቀየሰ።

መንገዱ ቦዩን ተከትሎ እስከ ድንጋዩ ድልድይ ይሄዳል። ከዚያ ወንዙን ይዞ ጫካው ውስጥ ይገባል። ጫካው ውስጥ አንዲት የእንጨት ድልድይ አለች፤ አሥራ ሁለት ጣውላ፣ አለቃ ራሱ በጉልምስናው የሠራት። እሷን ተሻግሮ ትንሽ እንደሄዱ ምንጩ ጋ ይደረሳል፤ እዚያ ውሃ ጠጥቶ መመለስ ነው። ደርሶ መልስ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ከዘራ የያዘች አሮጊት ሳትቀር የምትሄደው መንገድ ነው። ጡረተኛው ሁሉ እየሰማ መጣ። ፖስተኛው መጣ፣ አዋላጇ መጣች፣ አንዱ አንዱን እየጎተተ ከአለቃና ከሚስቱ ጋር አሥራ አንድ ሆኑ። እሁድ እሁድ ጠዋት ውሃው በር ጋ ይሰባሰባሉ። ፖስተኛው፣ መቼም ካልቀለደ ምሳው አይፈጭለትም፣ «ቀላሎቹ» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ በዚያው ጸደቀ።

አለቃ ነገር በሥርዓት ካልሆነ አይወድም። በእግር ጉዞው መሪውን ማንም አይቀድምም። መጨረሻ ላይ የምትሄደው ሚስቱ ናት፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። አንድ ጊዜ ከነፋች ሰው ሁሉ አለ፣ ሂዱ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከነፋች ወደኋላ የቀረ ሰው አለና ቁሙ። መንገዱን በነጭ ቀለም ምልክት ሲያደርግም አንድ ሕግ ነበረው፤ ምልክት የሚደረገው በቀቢው ዓይን ልክ ነው። «ሰው ምልክት ለማየት አንገቱን አያቀናም፣ አይደፋም» ይል ነበር። ያን ጊዜ የቀለሙን ጣሳ ይዛ የተከተለችው ሚስቱ ናት። ቀለሙ ወደታች ሲንጠባጠብ በአውራ ጣቷ ትጠርገዋለች፤ ከምልክቱ ሥር የጣቷ አሻራ ይቀራል። «ሴትዮ፣ እባክሽ አታበላሺብኝ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ ሰምታ አታውቅም።

እንዲህ ስድስት ዓመት ሄዱ። ከዚያ የአለቃ የቀኝ ጉልበት ከዳው።

በአንድ ቀን አልነበረም የከዳው፤ ቀስ እያለ ነው። አለቃም ለማንም አልተናገረም። የዛሬ አሥራ አራት ወር፣ አንድ እሁድ፣ ድንጋዩ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ግን ጉልበቱ እንቢ አለ። የድልድዩ ግንብ ላይ ተቀመጠ። አሥር ሰው ከኋላው ቆሞ ያየዋል። ያን ጊዜ አፉ ምን እንደሚል ሳያማክረው ተናገረ።

«ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም» አለ። «የእንጨቷን ድልድይ ጎርፍ ወስዷታል። ትናንት አይቼ መጥቻለሁ። እንግዲህ እስኪሠሩልን ድረስ እዚህ ድረስ ነው።»

ወይ ጉድ፣ ማንም አልጠየቀው። «እሰይ፣ እኔም ደክሞኝ ነበር» አለ ፖስተኛው። ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀላሎቹ መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ሆነ። አለቃ በየእሁዱ ድንጋዩ ድልድይ ላይ ሲደርስ ከዘራውን ከፍ ያደርጋል፣ «ወዲያ አደጋ ነው» ይላል፣ ሰውም ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይመለሳል። ውሎ ሲያድር እሱ ራሱ አመነው ማለት ይቻላል። ይባስ ብሎ ለሰዎቹ ማዘን ጀመረ። አዋላጇ ስታነክስ አየሁ፣ ፖስተኛው ሲተነፍስ ሰማሁ እያለ፣ ማታ ለሚስቱ «እነዚህ ሰዎች አረጁ እኮ» ይላታል። ሚስቱ «አረጀን» ትለዋለች፣ ዘይት አምጥታ ጉልበቱን እያሸች።

ሐኪም ቤት ጉልበቱን የምታሠራው ባለሙያ ረቡዕ ረቡዕ ቀጠሮ ሰጠችው። ሦስት ሰዓት ላይ የሐኪም ቤቱ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፣ ስምንት ሰዓት ይመልሰዋል። ሚስቱም በዚያው ረቡዕን እህቷ ጋ መዋል ለመደች። ከረጢቷን ይዛ ትወጣለች፣ ጉንጮቿ ቀልተው ትመለሳለች። እህትየው ቤት ምን እንደሚበላ እንጃ ይላል አለቃ በሆዱ። ደግ አደረገች ብሎም ተወው።

ነገር የተነሳው ሰኞ ዕለት ነው። ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ልጅ መጣች፣ ደብተር ይዛ፣ ካሜራ አንጠልጥላ።

«ጋሼ፣ ለሁሉም ሰው የሚሆኑ ቀላል የእግር መንገዶችን በትንሽ መጽሐፍ ልናወጣ ነው» አለችው። «መጀመሪያ የምናደርገው የእርስዎን ነው። ስምዎ ይወጣል፣ ምልክቱን ያደረጉት እርስዎ እንደሆኑ ይጻፋል።»

አለቃ በሕይወቱ ስሙ የታተመበት አንድ ወረቀት ቢኖር የደመወዝ ዝርዝር ነው። ደስታው ፊቱ ላይ ሳይደርስ ጨነቀው።

«የእንጨቷ ድልድይ እኮ የለችም» አለ።

«ግዴለም፤ አርብ ሄጄ የነበረችበትን ፎቶ አነሳለሁ። ትሠራ ብለን እንጠይቃለን።»

ከማድቤት የድስት ክዳን ወደቀ። ሚስቱ ነበረች። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አለች ከውስጥ።

አለቃ ሰኞን ሙሉ አሰበ። ልጅቷ አርብ ትሄዳለች፣ ድልድይቱን እንደቆመች ታገኛታለች፣ ትመጣና «ጋሼ፣ አለች እኮ» ትላለች። ከዚያ ፖስተኛው ይሰማል። አዋላጇ ትሰማለች። አሥራ አራት ወር ሰውን በውሸት ሲመልስ የኖረ ሽማግሌ፤ ከዚህ በኋላ በየትኛው ፊት ነው ከፊት የሚሄደው? ሰው ሌላ ነገር ባይኖረው ያቺ የእሁድ ጠዋት አለችው፤ ከፊት መሆን፣ ከኋላው አሥር ኮቴ መስማት። እሷን ከተነጠቀ ደግሞ የቀረው ጉልበት ማሸት ነው።

ማክሰኞ ምስማር መንቀያውን በጋዜጣ ጠቀለለ። ለሚስቱ ወንድሜ ጋ ደርሼ ልምጣ አላት። ከጫካው ጀርባ በሚያልፈው የመኪና መንገድ በሚኒባስ ሄዶ ወረደ፤ ከዚያ እስከ ድልድዩ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ለእሱ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ጣውላዎቹን ነቅሎ ወንዝ ውስጥ ይጥላል፤ ድልድዩን ጎርፍ ወስዷታል ያለው ሁሉ እውነት ይሆናል። ውሸትን እውነት ማድረግ ካልተቻለ አናጢነት ምን ይሠራል?

ድልድይቱ እንደነበረች ናት። ከሥሯ ወንዙ በትላልቅ ድንጋዮች መካከል ይወርዳል፤ ከፍታው የሁለት ሰው ቁመት ነው። አለቃ በግራ ጉልበቱ ተንበረከከ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣውላዎች ምስማራቸው ዝጎ እንቢ አሉት። ሦስተኛው ተበገረ። አራት ምስማር፣ አንድ በአንድ፣ እየጮኹ ወጡ። አራተኛው ሲወጣ ተቆለመመ። ኪሱ ከተታቸውና ላቡን ሊጠርግ ቀና አለ።

ማዶ፣ ትልቁ ዛፍ ላይ፣ ነጭ ምልክት አየ።

እሱ ያደረገው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ያ እስካሁን ነጭ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛውን ጣውላ ሳይረግጥ ተራምዶ ተሻገረ። የድሮው ምልክት ከዓይኑ ፊት ለፊት አለ፣ ደብዝዞ ቅርፊቱን መስሏል። አዲሱ ከሱ በታች ነው፣ ልክ ደረቱ ጋ። ከምልክቱ ሥር አንዲት የአውራ ጣት አሻራ አለች።

አለቃ ያንን ጣት ያውቀዋል። ሌባ ጣቱን አሻራው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዛፍ ላይም አለ፣ ከዚያም ቀጥሎ። ምንጩ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም። መሬቱ ላይ የብዙ ሰው ጫማ ዱካ አለ፤ ሰፊው የፖስተኛው ነው፣ ትንሹ የከዘራ ቀዳዳ የአዋላጇ ነው። ረቡዕ ረቡዕ። ጉንጭ የሚያቀላው እህትየው ቤት ይኸው ነው። ከፊት የምትሄደውም እሷ ናት፤ ምልክት የሚያድሰው መሪው ነዋ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አሥር ሰው የሚያውቀውን እሱ ብቻ ሳያውቅ አሥራ አራት ወር ከዘራውን ከፍ ሲያደርግ ኖሯል። «ወዲያ አደጋ ነው» ሲላቸው ጭንቅላታቸውን የሚነቀንቁለት፣ ሕፃን ልጅ ጨረቃን ያዝኩ ሲል እንደሚነቀነቅለት ነው። ጅል ብለው አደባባይ አውጥተው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ተመልሶ ተሻገረ። ጣውላውን ወንዝ ውስጥ አልጣለውም፤ መጣል ለምን ይጠቅማል፣ የሚዋሽለት ሰው ከሌለ። ግን ምስማሮቹንም አልመለሳቸውም። ጣውላው ቦታው ላይ ተኝቷል፤ ላየው ሰው እንደ ሌሎቹ ነው። ደከመኝ አለ ለራሱ፣ መዶሻ አልያዝኩም አለ። ነገ ረቡዕ መሆኑን ግን ያውቃል። ይህንን ከራሱ ሊሰውር አይችልም።

ማታ ራት ላይ «ወንድምህ ደህና ነው?» አለችው።

«ደህና ነው። እህትሽስ?»

«ነገ አያታለሁ።»

ሁለቱም ሰሃናቸውን አዩ።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ከረጢቷን አንጠለጠለች። የጉዞ ጫማዋ ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ተረከዙ ጎልቶ ይታያል። ስንት ወር እንዲህ ሲታይ ኖሮ ዛሬ ገና አየው። አለቃ ወንበሩ ላይ ሆኖ ኪሱ ውስጥ ያሉትን ምስማሮች ይነካካል። መሪው ከፊት ነው የሚሄደው። ማንም አይቀድመውም። ሦስተኛውን ጣውላ መጀመሪያ የምትረግጠው እሷ ናት።

«ዛሬ ብትቀሪ» አላት።

«ለምን?»

«ዝናብ ይመጣል።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሰማዩ ላይ የጥጥ ክር የምታህል ደመና የለችም።

«ራሴንም አሞኛል» አለ።

መጥታ ግንባሩን በመዳፏ ነካችው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «አልተኮስክም። ለማንኛውም ሐኪም ቤት እየሄድክ ነው፣ ንገራቸው» አለችና ወደ በሩ ሄደች። ውጭ የሐኪም ቤቱ መኪና ጥሩምባ ነፋ።

ቢፈልግ አሁንም ዝም ማለት ይችላል። መኪናው ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ የሆነው ይሆናል፤ አሮጌ ድልድይ ነው፣ ጣውላ ይፈታል። ይህንን አሰበ። እንዳሰበውም ሲያውቅ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሦስተኛውን ጣውላ አትርገጪ» አለ።

ሚስቱ እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቆመች። የትኛውን ጣውላ ብላ አልጠየቀችም።

«ምን ሆኗል?» አለች፣ ሳትዞር።

«ምስማሩን ነቅዬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ያን ጊዜ ዞረች። ፊቷ ላይ ንዴት ይፈልግ ነበር፤ ንዴት ቢያገኝ ይሻለው ነበር።

«ምልክቴን ከማየትህ በፊት ነው፣ ካየኸው በኋላ?»

«በፊት» አለ። እውነቱን ነው።

«ካየኸው በኋላስ ለምን አልመለስከውም?»

ሚስቱ ጠበቀችው። ሹፌሩ እንደገና ጥሩምባ ነፋ። አሁንም ጠበቀችው። ከዚያ ከረጢቷን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ጎርፍ ወሰዳት ያልክ ሰሞን» አለች «እጅህ የሠራት ናትና አዝነህ ነው የምትደብቀን ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ቆማ አገኘኋት። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን መሰለህ? ጉልበትህ እንደዚያ መድረሱን ለእኔ እንኳ አለመንገርህ ነው። ከዚያ ለፖስተኛው ነገርኩት፣ ለሁሉም ነገርኳቸው፣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አስማልኳቸው። አሥር ሰው ውሸትህን ተሸክሞልህ ኖረ። ደክሞኛል ብትል እኮ ፖስተኛው አዝሎህ ይሄድ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሰው አያዝለኝም» አለ አለቃ።

«እሱ ነው በሽታህ። ጉልበትህስ ይድናል።»

ተነስታ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተች። መዶሻውን አወጣች። «ምስማሮቹን አምጣ» አለች። ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። በአውራ ጣቷ እያገላበጠች አየቻቸው።

«ይሄ ተቆልምሟል።»

«ሳጥኑ ሥር አዲስ አለ» አላት። ከዚያ፣ ሌላ የሚለው ስላጣ፣ «መዶሻው ይከብድሻል» አለ።

«ይከብደኛል» አለች። ከረጢቱ ውስጥ ከጫማዋ ጎን ከተተችው። በሩን ከፍታ ስታበቃ፣ ለእንግዳ እንደሚነገር በለሰለሰ ድምፅ «እሁድ አትምጣ» አለችውና ሄደች።

ሐኪም ቤት ባለሙያዋ ጉልበቱን አጥፋ ዘርግታ «ዛሬማ እንዴት ደስ ይላል፣ እንዲህ ታጥፎ አያውቅም» አለችው። አለቃ አመሰገናት።

ሐሙስ ቤት ውስጥ ስለ ጨውና ስለ ጋዝ ተነጋገሩ። አርብ ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ እየሳቀች መጣች።

«ጋሼ፣ ድልድይዎ እኮ አለች። ሰው ጠግኗታል መሰለኝ፣ አንዱ ጣውላ ላይ አዲስ ምስማር አየሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ምልክቶቹ ለምን ዝቅ አሉ? ለልጆች እንዲሆኑ ነው?»

«አይ» አለ አለቃ። «በቀቢው ዓይን ልክ ነው የሚደረገው።»

«ታዲያ እርስዎ ረጅም ነዎት።»

«ስሜን ሰርዢውና» አለ «የሚስቴን አግቢበት።» ልጅቷ ስሙን ሰርዛ የሚስቱን ጻፈች። ሚስቱ ማድቤት ሆና ሰምታለች፤ በሩ ክፍት ነበር። ግን አልወጣችም። አለቃ በሆዱ ይህቺ ነገር ትንሽ ትበቃኝ ይሆን ብሎ ነበር። አልበቃችም።

እሁድ ጠዋት ከበሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ፊሽካውን ይዛ ወጣች። አለቃም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሳያስበው፣ ኮፍያውን አድርጓል፤ ከዘራውን ይዟል። ውሃው በር ከመስኮቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አንድ በአንድ ሲመጡ ሰማቸው። አዋላጇ አሳለች። ፖስተኛው እንደሁልጊዜው ሳይቀልድ «እንዴት አደራችሁ» ብቻ አለ። ሚስቱ ፊሽካውን «አንቺ ያዢው፣ ከኋላ ሁኚ» ብላ ለአዋላጇ ሰጠቻት። ስለ እሱ ማንም አልጠየቀም። ጠያቂ የጠፋው ሁሉም ስለሰማ ነው።

አለቃ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ካለ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ አንድ ሰው ከቀረ ሁለት ጊዜ ይነፋል፣ ሁሉም ይቆማል፣ የቀረው እስኪመጣ ይጠበቃል። ሰባት ዓመት፣ በዝናብም በፀሐይም፣ ማንም ሰው ተትቶ አያውቅም። ጉልበቱ ዛሬ ደህና ነው፤ ቢጠሩት እስከ ድንጋዩ ድልድይ ይደርሳል፣ ከኋላም ቢሆን ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይም ቢሆን። በሩን በትንሹ ከፈተው፣ እንዲሰማው።

ፊሽካው አንድ ጊዜ ተነፋ። እስትንፋሱን ይዞ ሁለተኛውን ጠበቀ። ኮቴያቸው ግን ቦዩን ይዞ መራቅ ጀመረ።